ከሲያትል በፌሪ ወደ ደሴቶቹ፦ የትኛው መስመር ለማን ይመቻል?

ሲያትል መሀል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው ማዶው ሁሉ አንድ ይመስላል፦ ጥቁር አረንጓዴ ደን፣ ከሥሩ ውሃ፣ ከጀርባው የኦሊምፒክ ተራሮች። ለመሄድ ሲነሡ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። አንዱ ፌሪ አውርዶ አሥር ደቂቃ በእግር ካስኬደ በኋላ ካፌና ሱቅ መሀል ያደርሳል። ሌላው ዳገት ሥር አውርዶ አውቶቡስ ያስጠብቃል። ቅዳሜና እሁድ ጭራሽ የማይሠራም አለ። ልጆችና አያቶች ይዞ የወጣ ቤተሰብ ይህን ማዶ ከተሻገረ በኋላ ካወቀው ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው።

ስለዚህ «የቱ ደሴት ያምራል?» ብሎ መጀመር አይጠቅምም፤ ሁሉም ያምራሉ። ጥያቄው ማዶ ስንወርድ ምን ይጠብቀናል ነው። ምርጫውን የሚወስነው ከምንነሣበት ይልቅ የምንወርድበት ወደብ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ፣ ያለ መኪና ይሆናል ወይ? ይህ ሁለት ክፍል አለው፦ ፌሪው ድረስ በሕዝብ ትራንስፖርት መድረስ መቻሉና ከወረዱ በኋላ በእግር የሚደረስበት ነገር መኖሩ። ቀጥሎ ደርሶ መልስ አጠቃላይ ወጪው ነው፤ የሚከፈልበት አቅጣጫ ከመስመር መስመር ስለሚለያይ የአንድ መንገድ ዋጋ ብቻውን ያሳስታል። ሦስተኛው ፌሪው ቢሰረዝ በምን እንመለሳለን የሚለው ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ሆኖም የዋሺንግተን ስቴት ፌሪዎች ባለፉት ዓመታት በመርከብና በሠራተኛ እጥረት ምክንያት ጉዞ የሰረዙበት ቀን ጥቂት አይደለም። በመጨረሻም አብሮን የሚሄደው ማን ነው፦ ጋሪ የሚገፋለት ሕፃን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ ወይስ ብስክሌት የያዙ ወጣቶች?

ስለ ክፍያው አስቀድሞ ማወቅ የሚገባ

ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በታች የሆኑ በስቴቱ ፌሪዎች በነፃ ይሳፈራሉ፤ ይህ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ነው። በእግር ቢገቡም በመኪና ውስጥ ቢሆኑም አይከፍሉም። 65 ዓመት የሞላቸው ደግሞ ዕድሜን የሚያሳይ መታወቂያ ይዘው ግማሽ ያህል ይከፍላሉ።

እግረኛ የሚከፍለው ከሲያትል በኩል ሲወጣ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ማንም ቲኬት አይጠይቀውም። መኪና ግን እንደ መስመሩ ነው። ወደ ቤይንብሪጅ፣ ወደ ብሬመርተንና ወደ ዊድቢ መኪናው ሲሄድም ሲመለስም ይከፍላል። ወደ ቫሾንና ወደ ሳን ዋን ደሴቶች ሲሄዱ አንዴ ከከፈሉ መመለሻው ተጠቃሏል። ሰሌዳው ላይ የቫሾን የመኪና ዋጋ ከቤይንብሪጅ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ደርሶ መልሱ ሲደመር ግን ቫሾን ይረክሳል።

ስድስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ እናስላ፦ ሁለት አዋቂ፣ አራት ልጆች። በእግር ወደ ቤይንብሪጅ ቢሄዱ ሁለቱ አዋቂዎች ለእያንዳንዳቸው 11 ዶላር ገደማ ይከፍላሉ፤ ደርሶ መልሱ ለስድስቱም 22 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ያው ቤተሰብ በመኪና ቢሻገር መኪናው ከነሹፌሩ በየመንገዱ ከ20 እስከ 27 ዶላር፣ ሁለተኛው አዋቂ ሲሄዱ 11 ዶላር፤ ሲደመር ከ50 ዶላር ያልፋል። ቫሾን በመኪና ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ከ32 እስከ 40 ዶላር ያልቃል። ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 በመኪና ላይ የሰመር ጭማሪ አለ፤ ታሪፉም በየጊዜው ይሻሻላል። ስለዚህ እዚህ ያሉትን ዋጋዎች ለማነጻጸሪያ ይያዙና በሚሄዱበት ሳምንት ድረ ገጹን ይመልከቱ።

የአካባቢው የአውቶቡስና የባቡር መክፈያ የሆነው ኦርካ ካርድ ለእግረኛ ይሠራል። ነገር ግን ከአውቶቡስ ወይም ከላይት ሬይል የተረፈው የሁለት ሰዓት ትራንስፈር በስቴቱ ፌሪ ላይ አይቆጠርም፤ ሙሉውን ይቆርጣል። ካርዱ ላይ በቂ ገንዘብ መኖሩን ቤት እያሉ ማየት መግቢያው ላይ ከመቆም ያድናል። የኪንግ ካውንቲ ዋተር ታክሲ ግን ትራንስፈሩን ይቀበላል።

ቤይንብሪጅ፦ ለእግረኛ የተሠራ የሚመስል

መነሻው መሀል ከተማ ያለው ኮልማን ዶክ፣ ፒር 52 ነው። ጉዞው 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ በአብዛኛው በየሰዓቱ ገደማ ፌሪ አለ። ከሬኒየር ቢች፣ ከኦቴሎ ወይም ከኮሎምቢያ ሲቲ የሚነሣ ሰው ላይት ሬይል ይዞ ፓዮኒር ስኩዌር ይወርድና ቁልቁል ወደ ባሕሩ አሥር ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ከሲታክ ወይም ከኬንት የሚመጣ መኪናውን ተክዊላ ኢንተርናሽናል ቡለቫርድ ጣቢያ፣ ከሰሜን የሚመጣ ሊንውድ ጣቢያ አቁሞ በባቡር ቢገባ ይሻለዋል፤ ባሕሩ ዳር ያለው ፓርኪንግ ከፌሪው ቲኬት በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

ማዶ ሲወርዱ ዊንስሎው የምትባለው ትንሽ ከተማ በእግር አሥር ደቂቃ ናት። ዳቦ ቤት፣ አይስክሬም፣ መጻሕፍት መደብር፣ በባሕሩ ዳር የተዘረጋ የእግር መንገድ፣ ለትንንሽ ልጆች የተሠራ ሙዚየም፣ መግቢያው ነፃ የሆነ የሥዕል ሙዚየም፤ ሁሉም ተቀራርበው ይገኛሉ። ሕፃን በጋሪ ለሚገፋም ሆነ ቀስ ብለው ለሚራመዱ አዛውንት ከዚህ የሚመች መስመር የለም። አራት ሰዓት ይበቃል።

ከዊንስሎው ውጭ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ብሎዴል ሪዘርቭ የተባለው ሰፊ የአትክልት ሥፍራ በደሴቱ ሰሜናዊ ጫፍ ስለሆነ በእግር አይታሰብም፤ የመግቢያ ቲኬቱንም አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። የጃፓን አሜሪካውያን መታሰቢያም ከወደቡ በባሕር ሰርጡ ዞሮ ማዶ ነው። በማርች 30 ቀን 1942 በዚያ ቦታ ከነበረው መትከያ 227 የደሴቱ ነዋሪዎች በወታደር ታጅበው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተወስደዋል። ከአገሩ ተነቅሎ ለመጣ ሰው ያንን የስም ግድግዳ ማየት ከካፌው ይልቅ ይመዝናል፤ በብስክሌት ወይም በኪትሳፕ ትራንዚት አውቶቡስ አቅደው ይሂዱ።

የቤይንብሪጅ ደካማ ጎን የመኪናው ሰልፍ ነው። በሰመር ዓርብ ከሰዓት ከሲያትል ሲወጡ፣ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ሲመለሱ አንድና ሁለት ፌሪ አምልጦ መጠበቅ የተለመደ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች 202 መኪና ይይዛሉ፣ እሱም ይሞላል። ሰው ግን ከአንድ ሺህ በላይ ስለሚጭኑ በእግር የመጣ ሰው ቦታ አጣ ማለት እምብዛም አይሰማም። ክፉ ቀን ቢመጣ እንኳ ደሴቱ በሰሜን በኩል በአጌት ፓስ ድልድይ ከየብሱ ጋር ይገናኛል፤ መኪና ያለው በታኮማ ዞሮ ሁለት ሰዓት ገደማ ነድቶ ሲያትል ይገባል።

ቫሾን፦ ጸጥታ ለሚፈልግ፣ መኪና ላለው

ወደ ቫሾን ሁለት መንገድ አለ፣ ሰዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከፒር 50 የሚነሣው ዋተር ታክሲ በ22 ደቂቃ ያደርሳል፤ መኪና አይጭንም። የተዘረጋው ለሠራተኛ ስለሆነ የሚሄደው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በዋናነት ጠዋትና ማታ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነው። ቅዳሜ ልጆች ይዞ ፒር 50 የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌላው ዋናው ፌሪ ከዌስት ሲያትል፣ ፎንትልሮይ ከሚባለው ወደብ ተነሥቶ በ20 ደቂቃ ይሻገራል። ከመሀል ከተማ ራፒድራይድ ሲ የተባለው አውቶቡስ እዚያው ያወርዳል።

ፎንትልሮይ ጠባብ ወደብ ነው። መኪኖቹ ውስጥ ስለማይበቁ ሰልፉ መንገድ ዳር ይዘረጋል፤ ጫፉን ፈልጎ ከኋላ መያዝ ግድ ነው። ሳያውቅም ቢሆን ሰልፍ የቆረጠ ሹፌር ይቀጣል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ደግሞም ከዚሁ ወደብ ሳውዝወርዝ የሚሄዱ ፌሪዎች ስላሉ ቲኬት ሲቆርጡ «ቫሾን» ብለው ይንገሩ፤ መኪናው የሚሰለፍበትን መስመር የሚወስነው እሱ ነው።

ማዶው ወደብ አጠገብ የሚታይ ብዙ ነገር የለም። መንገዱ ወዲያው ዳገት ይወጣል፤ ቫሾን ከተማ ከወደቡ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አውቶቡስ ቁጥር 118 እና 119 አሉ፣ ግን ሁሉንም ፌሪ አይጠብቁም፤ የመመለሻውን ሰዓት ሳያዩ መውጣት አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ማቆያ ላይ ያስቀምጣል። ብስክሌት የያዘ ሰውም የመጀመሪያውን ዳገት ማሰብ አለበት፤ ጠንካራ እግር ወይም በባትሪ የሚሄድ ብስክሌት ይፈልጋል።

መኪና ላለው ግን ቫሾን ከሁሉም ይልቅ የሚያሳርፍ ነው። ቅዳሜ የገበሬዎች ገበያ አለ። የፖይንት ሮቢንሰን መብራት ቤት በ1915 የተሠራ ሲሆን ባሕር ዳርቻው ለልጆች ሩጫ፣ ለአዋቂዎች ሶላት ወይም ጸሎት የሚበቃ ጸጥታ አለው። ምግብ ቤቱ ጥቂት ስለሆነ ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል፤ በተለይ በጾም ቀን።

ቫሾን ድልድይ የለውም። የሰሜኑ ፌሪ ቢቆም ግን ደሴቱን ወደ ደቡብ አቋርጦ ታህሌኳ ከሚባለው ወደብ በ15 ደቂቃ ታኮማ መሻገር ይቻላል። ይህን መውጫ ማወቅ ለአዳር ያልተዘጋጀ ቤተሰብን ያተርፋል።

ዊድቢ፦ ሙሉ ቀን ላለው

ዊድቢ ረጅም ደሴት ነው። ፌሪው ከሙከልቲዮ ይነሣል፤ ወደቡ ከሲያትል ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የውሃው ጉዞ 20 ደቂቃ። የአሁኑ የሙከልቲዮ ጣቢያ በ2020 መጨረሻ የተከፈተ አዲስ ሕንፃ ነው።

ያለ መኪና መድረስ ይቻላል እንጂ ቀላል አይደለም። ሳውንደር ባቡር ሙከልቲዮ ይቆማል ተብሎ የሚነገረው እውነት ነው፤ ግን ጠዋት ወደ ሲያትል፣ ማታ ከሲያትል ስለሚሄድ ለውሎ ጉዞ አይረዳም። የሚያዋጣው በላይት ሬይል እስከ ሊንውድ፣ ከዚያ በኮሚዩኒቲ ትራንዚት አውቶቡስ ነው። ማዶ ከወረዱ በኋላ የደሴቱ አውቶቡስ፣ አይላንድ ትራንዚት፣ ነፃ ነው፤ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ላንግሊ ከባሕር በላይ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ውብ ከተማ ናት። ከማርች እስከ ሜይ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ወደዚህ ሰርጥ ለምግብ ስለሚገቡ ከዳርቻው ሆኖ ለማየት ዕድል አለ።

በመኪና የሚሄድ ሰው በደቡብ በፌሪ ገብቶ በሰሜን በ1935 በተሠራው የዲሴፕሽን ፓስ ድልድይ ወጥቶ ወደ ሲያትል ቢመለስ የአንድ መንገድ ፌሪ ክፍያ ይቀርለታል፤ ከዚህ ሁሉ መስመር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዙር በደንብ የሚያምርበት ይህ ብቻ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ፎርት ኬሲንና ድልድዩን የመሳሰሉ የስቴት ፓርኮች ላይ መኪና ለማቆም ዲስከቨር ፓስ ያስፈልጋል፤ የቀኑ 10 ዶላር ነው። ሳይይዙ ማቆም ቅጣት ያመጣል።

ሳን ዋን ደሴቶች፦ ለውሎ አይሆንም

ፌሪው የሚነሣው ከአናኮርተስ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ብቻ ከሲያትል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ወደ ፍራይደይ ሃርበር ውሃው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ መንገድ ላይ በሚቆምበት ደሴት ብዛት ይረዝማል። መኪና የያዘ ቦታ አስቀድሞ ቢያስይዝ ይሻለዋል። ቦታው በሦስት ዙር ይለቀቃል፦ ከወቅቱ መጀመሪያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት፣ ከዚያም ሁለት ቀን ሲቀረው። ያመለጠው ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ የሁለቱን ቀን ዙር ጠዋት 7፡00 ላይ ይሞክር። እግረኛ ማስያዝ አያስፈልገውም፣ ፍራይደይ ሃርበርም ወደቡ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በእግር ትበቃለች። በደሴቱ ምዕራብ በኩል ስልክ የካናዳን ኔትወርክ ይይዛልና ሮሚንጉን ያጥፉ።

ሌሎች ስማቸው የሚነሣ ሁለት ቦታዎች

ብሬመርተን ደሴት አይደለም፤ ሆኖም ለ11 ዶላር ያህል አንድ ሰዓት ሙሉ በውሃ ላይ ያስኬዳል፤ ከመንገዱም ከፊሉ በጠባብ የባሕር ሰርጥ ውስጥ ነው። ወርዶ መቀመጥ ሳይሆን መርከቡን ራሱን ለሚፈልግ ጥሩ ነው። የሚነሣው ከዚያው ከኮልማን ዶክ ስለሆነ ቤይንብሪጅ ብሎ ብሬመርተን የገባ ሰው አለ፤ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ። ብሌክ ደሴት ደግሞ ከከተማው ቅርብ ሆኖ ይታያል፣ ነገር ግን የሕዝብ ፌሪ የለውም፤ የራስ ጀልባ ለሌለው ከዝርዝሩ ይውጣ።

በአንድ ሰንጠረዥ

| መስመር | የውሃ ጉዞ | አዋቂ እግረኛ፣ ደርሶ መልስ | መኪና ከነሹፌር፣ ደርሶ መልስ | ያለ መኪና | የሚያስቸግረው |
|---|---|---|---|---|---|
| ቤይንብሪጅ | 35 ደቂቃ | 11 ዶላር ገደማ | ከ40 እስከ 54 ዶላር ገደማ | በጣም ይመቻል | የሰመር የመኪና ሰልፍ |
| ቫሾን፣ ከፎንትልሮይ | 20 ደቂቃ | 7 ዶላር ገደማ | ከ25 እስከ 33 ዶላር ገደማ | በአውቶቡስ፣ በዕቅድ | ዳገት፣ ጠባብ ወደብ |
| ቫሾን፣ ዋተር ታክሲ | 22 ደቂቃ | በየመንገዱ ይከፈላል | አይጭንም | በአውቶቡስ | ቅዳሜና እሁድ የለም |
| ዊድቢ | 20 ደቂቃ | 7 ዶላር ገደማ | ከ23 እስከ 31 ዶላር ገደማ | ያደክማል | ሙከልቲዮ ድረስ ያለው መንገድ |
| ሳን ዋን | ከአንድ ሰዓት በላይ | 18 ዶላር ገደማ | ከ60 ዶላር በላይ | ለእግረኛ ፍራይደይ ሃርበር | ርቀት፣ ቦታ ማስያዝ |
| ብሬመርተን | 60 ደቂቃ | 11 ዶላር ገደማ | እንደ ቤይንብሪጅ | ይመቻል | ደሴት አይደለም |

ለማን የቱ?

ከኢትዮጵያ ለጥየቃ የመጡ ወላጆችን ለማሳየት፦ ቤይንብሪጅ፣ በእግር፣ በሥራ ቀን። ሲመለሱ ከፊት ለፊት ባለው ጣራ ላይ ሆነው የከተማው ሕንፃዎች እየቀረቡ ሲመጡ ያያሉ፤ ሰማዩ ከጠራ የሬኒየር ተራራ በቀኝ በኩል ነው። መራመድ ለሚከብዳቸው በመኪና መግባት ካስፈለገ ቲኬት ሲቆርጡ «ሊፍት አጠገብ» ብለው ይጠይቁና የአደጋ ጊዜ መብራት አብርተው ይግቡ፤ ሠራተኞቹ ቦታውን ያሳዩዎታል።

ገንዘብ ለሚቆጥብ ትልቅ ቤተሰብ ያው ቤይንብሪጅ በእግር ነው፤ መኪና የግድ ከሆነ ቫሾን። ለጓደኛሞች የሙሉ ቀን ሽርሽር፣ ሁለት ሹፌር ካለ፣ ዊድቢን በዙር። አንድ አዳር መክፈል ለሚችሉ አዲስ ተጋቢዎች ሳን ዋን። ሥራ ፈረቃ ሆኖ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ዕረፍት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፦ ሰልፍ በሌለበት የፈለገውን ይመርጣል።

የጉዞው ቀን

ጠዋት ከቤት ሳይወጡ የስቴቱን ፌሪ መተግበሪያ ይክፈቱ። «በአንድ መርከብ» የሚል ማስታወቂያ ካለ በቤይንብሪጅ መስመር በሁለቱ ጉዞዎች መሀል ያለው ጊዜ ሁለት ሰዓት ይጠጋል ማለት ነው፤ ከልጆች ጋር ከሆኑ ቀኑን ይለውጡ። መሳፈር የሚያበቃው መነሻው ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። እግረኛ 20 ደቂቃ፣ በሰመር ቅዳሜ የመጣ መኪና ደግሞ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ይድረስ። ሰልፍ ውስጥ መኪና ትቶ ርቆ መሄድ ኋላ ያሉትን ሁሉ ያግዳል። መርከቡ ላይ ሞተር ያጥፉ፣ የመኪናውን አላርምም ያሰናክሉ፤ በመርከቡ እንቅስቃሴ ራሱ ይጮኻል።

ሐምሌ ቢሆንም ውሃው ላይ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ለአያት ጋቢ፣ ለልጅ ጃኬት ይያዝ። የመርከቡ ካፌ ሊዘጋ ስለሚችል ቡናውን በፔርሙዝ፣ ምግቡን በሣህን ይዞ መግባት ይቻላል። የከሰል ማንደጃ ግን ቤት ይቅር፤ በሰመሩ ድርቅ ደሴቶቹ ላይ እሳት የሚከለከልበት ጊዜ ረጅም ነው።

ቤተሰቡ ማዶ ተበታትኖ የሚዝናና ከሆነ የመመለሻውን ሰዓት ለሁሉም በአንድ አቆጣጠር ይንገሩ። «የሰባት ሰዓቱ ፌሪ» ሲባል ልጁ ማታ 7፡00፣ አያት ቀን 1፡00 ይሰማሉ፤ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መስጠት ይሻላል። የመጨረሻውን ፌሪ ለመመለሻ አይያዙ፤ ከሱ አንድ የሚቀድመውን ይያዙ፣ እሱ ቢሰረዝ የሚቀር አንድ አለ።